ዓይኗን ያልገለጠችው ልጅ

ኦዴት ሱሬትን «ፈገግ በሉ» ማለት አንገሽግሿት ነበር። መስከረም በመጣ ቁጥር የባሕር ዳርቻዋ ከተማ የግሬይ ኮቭ ልጆች ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ አንገትጌያቸው ተቆልፎ፣ በፎቶ ቤቷ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት በተራ ይቀመጣሉ። እሷ «ፈገግ!» ትላለች፤ እነሱም ጥርሳቸውን ያሳዩዋታል። ትናንት ውሻው የሞተበትም፣ ዛሬ ጠዋት እናቱ የተቆጣችውም ፎቶው ላይ ሲወጡ አንድ ናቸው። «ጥርስ ሐኪም ብሆን ይሻለኝ ነበር» እያለች ትቀልዳለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ካሜራውን ስታነሳ የሚሠራው እጇ እንጂ ልቧ አልነበረም። ሙያዋ እጇ ላይ እየሞተባት መሆኑን ታውቀዋለች።

በዚህ ዓመት ግን አዲስ መላ መጣላት። ሰማያዊውን መጋረጃ አውርዳ ጠቀለለችና ልጆቹን «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ትላቸው ጀመር። «በጣም የምትጠብቁትን ነገር አስቡ። ስማችሁን ስጠራ ትገልጣላችሁ።» ስሙ ተጠርቶ ዓይኑ ሲገለጥ ልጁ ገና ማንንም ለማስደሰት አላሰበም። ኦዴት የምታነሳው ያንን ፊት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ያጠበች ዕለት ብቻዋን ቆማ አለቀሰች፤ ከስንት ዘመን በኋላ የሠራችው ሥራ ደስ አሰኛት።

ከተማው ግን ወዲያው አልወደደላትም። የዳቦ ቤቷ ሸርሊ የልጇን ፎቶ ይዛ እየተንደረደረች መጣች።

«ልጄን ምን ብለሽ ነው ያስቆጣሽው?»

«አልተቆጣም እኮ። ልጅሽ ይሄን ነው የሚመስለው።»

«እሱንማ ቤት መች አጣሁት! ለአያቱ የምልከው የሚስቀውን ነው» ብላ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋው ወጣች።

ራስል ክሮወል ልጁን ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ግሬይ ኮቭ ውስጥ የክሮወል ስም ያልተጻፈበት ነገር የለም፤ ሎብስተር የተባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ የሚታሸግበት ፋብሪካ፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ የፊት ወንበር ሳይቀር የእነሱ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ክሮወሎች «እነዚያ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ኦዴት ከእነዚያ ናት። እናቷ ጣቶቿ እስኪቆለመሙ ድረስ በክሮወሎች ፋብሪካ ሎብስተር ስትፈለፍል ኖራለች።

ራስል ሚስቱ በሕመም ከሞተችበት ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አያወራም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ግባና ቁጭ በል እንጂ» አለችው።

«ጫማዬ ይሸታል።»

«እኔ እኮ የፋብሪካችሁ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያንን ሽታ ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ።»

ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሳይታሰብ ሳቀ። «ይኸው ፈገግ አልኩልሽ፤ ታዲያ አታነሽኝም?»

«ፈገግታ ትቻለሁ» አለችው። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም፤ እሷም አልነቀለችም። ከዚያ በኋላ ራስል ልጁን ሳይዝ እየመጣ «ፎቶው ደረሰ?» ይላል፤ ፎቶው ከደረሰ ሳምንታት አልፈው ነበር።

ያ ፎቶ የሊቢ ነው። ሊቢ፣ የራስል አንድያ ልጅ፣ እንደ ሌሎቹ አልተቀመጠችም። ነጭ ጨርቅ የለበሰው አግዳሚ ላይ ወጥታ በጀርባዋ ተኛች፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ላይ ደረቷ ላይ አደረገች፤ የፀጉሯን ጥብጣብ ወደ ትከሻዋ አመቻቸችና ዓይኗን ጨፈነች። ኦዴት ስሟን ጠራች። ሊቢ አልገለጠችም። ደግማ ብትጠራት እንኳ ሽፋሽፍቷ አልተንቀሳቀሰም። ፊቷ ላይ የነበረው ዕረፍት ኦዴትን በቆመችበት አስቀራት፤ ስትፈልገው የኖረችው ይሄ እንደሆነ ተሰማትና አነሳችው።

ኋላ ሊቢ ብድግ ብላ «ጥሩ ተኛሁ?» ስትል ጠየቀች።

«በጣም» አለች ኦዴት። ጥያቄውን መለስ ብላ አላሰበችበትም።

ከዚያ ፊልም ሦስት ፎቶ አጠበች። አንዱን ፎቶ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ አንዱን ሊቢ አልጋዋ አጠገብ አኖረችው፤ ሦስተኛውን ራስል ወስዶ በጀልባው የመሪ ክፍል ውስጥ፣ ከመሪው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«ባሕር ላይ ስሆን ሁለታችሁም አብራችሁኝ ናችሁ» አላት። «እሷ ፎቶው ላይ፣ አንቺ ከፎቶው በስተጀርባ።»

ቀጥሎም ኦዴት ያልጠበቀችውን ተናገረ። «በወጥመዱ ሰኞ ገመዱን አንቺ ፍቺልኝ» አላት።

በዚያ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ይህ ከቀለበት በላይ ነው። የወጥመዱ ሰኞ በኅዳር መጨረሻ የሎብስተር ወራት የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ጀልባዎቹ ወጥመዳቸውን እስከ ሰማይ ቆልለው ሲነጋጋ ይወጣሉ፤ ከተማው በሙሉ ወደቡ ላይ ቆሞ ይሸኛቸዋል። ጀልባው የታሰረበትን የመጨረሻ ገመድ የምትፈታው የቤቱ ሴት ናት። የራስል ሚስት ከሞተች ወዲህ ገመዱን የሚፈቱት እናቱ ነበሩ። አሁን ኦዴት ከፈታችው ግሬይ ኮቭ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም። «እነዚያ» እና ክሮወል የሚለው ነገር በአንድ ገመድ ያበቃል።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የራስል እናት፣ ወይዘሮ ቨርና ክሮወል፣ ፎቶ ቤት መጡ። ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ወንበር ብታቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ገመዴን ልትወስጂ ነው አሉ» አሉ።

«አልወሰድኩም እትዬ ቨርና። ተሰጠኝ።»

«እናትሽ እንኳ ትሕትና ነበራት።»

«እናቴ አለቃ ነበረባት። ለዚያ ነው ዝም ትል የነበረው።»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። «ምላስሽ ስለት ነው። ልጄን ያሰርሽው በዚህ ነው ማለት ነው» አሉና የምትመልሰውን ላለመስማት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። የሸርሊን ልጅ አይተው «ይሄስ እውነትም አባቱን ነው የሚመስለው» ሲሉ ኦዴት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

ከዚያ የሊቢ ፎቶ ላይ ደረሱ።

መጀመሪያ የወደቀው የእጅ ቦርሳቸው ነው። ኦዴት ልታነሳላቸው ስትጎነበስ ክንዷን ጨምድደው ያዟት።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«እጇን እንዲህ እንድታደርግ! ቀኙ ከላይ፣ ጥብጣቡ በዚህ በኩል። ማን ነገረሽ ነው የምልሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እሷው ራሷ ናት እንዲህ የተኛችው። እትዬ ቨርና፣ ምን ሆኑ?»

አሁን ተቀመጡ። ሲናገሩ ዓይናቸው ከፎቶው አልተነሳም።

«ኤልሲ የምትባል እህት ነበረችኝ። በልጅነቷ ከወደቡ ላይ ወድቃ ሰጠመች። በሕይወቷ አንድም ፎቶ አልነበራትም። አባቴ ፎቶ አንሺ ከሌላ ከተማ አስመጣ፤ ሳሎን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተው አነሷት። እጇ ልክ እንዲህ ነበር። ጥብጣቡን ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

ኦዴት የወደቀውን ቦርሳ አንስታ አጠገባቸው አኖረችው።

«አባቴ ፎቶውን በጀልባው የመሪ ክፍል ሰቀለው። ‹ልጄ ብቻዋን አትቀርም› አለ። በወጥመዱ ሰኞ ወጣ።»

«ተመለሰ?»

«ፎቶው ተመለሰ። ዳርቻ ላይ አገኘሁት።»

ውጭ የባሕር ወፎች ይንጫጫሉ። አንዲት ሴት ጋሪዋን እየገፋች አለፈች፤ በመስኮቱ ለኦዴት እጇን አነሳችላት፤ ኦዴት ግን አላየቻትም።

«ያንን ፎቶ ሣጥኔ ውስጥ ነው የማኖረው። ራስል እንኳ አያውቀውም» አሉ ቨርና። «ባለፈው ሊቢ ስትጫወት አገኘችው። ‹የተኛችው ማናት?› አለችኝ። ‹እህቴ ናት፤ ተኝታ ነው› አልኳት። ለሕፃን ልጅ ምን ልበላት?»

ጥሩ ተኛሁ? ያለችው የሊቢ ድምፅ ኦዴት ጆሮ ላይ መጣ። ለካ ስንት ዘመን የፈለገችው ዕረፍት የሕያው ልጅ ዕረፍት አልነበረም። የሕይወቷን ምርጥ ሥራ ያነሳች መስሏት የሬሳ ፎቶ ነበር የደገመችው።

በዚያ ዳርቻ «ቀዳሚ» የሚባል ነገር አለ፤ ከሞት ፊት ፊት ሄዶ በር የሚያንኳኳ ምልክት ማለት ነው። ኦዴት ትልቅ ከተማ ሄዳ ስትማር በቀዳሚ ማመን ትታለች። መፍራቱን ግን አልተወችም፤ ማመንና መፍራት ለየቅል ናቸው።

«ሌላ ቅጂ የለውም አይደል?» አሉ ቨርና።

«ራስል ጋ አለ።»

«ቤቱ?»

«ጀልባው ላይ። ከመሪው በላይ።»

ቨርና ጮኸው አላለቀሱም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኦዴትም ከጀልባው ሌላ ምንም አልታያት። «ነገ አውርጂው» አሏት በመጨረሻ። «ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪው። ወጥመዱ ተጭኗል።»

ይሄን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያው ወጥመድ ጀልባው ላይ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ በካፒቴን ጆሮ ሞት አይጠራም፤ መስጠም አይጠራም፤ የሰጠመ ሰው ስም አይነሳም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለቱ ሴቶች የሚወዱትን አንድ ሰው ለማዳን ያላቸው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ምንም ሳይናገሩ ፎቶውን ማውረድ ነው። ቨርና ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው ኦዴትን አዩዋት፤ ያ አስተያየት ጥላቻ እንዳልነበረ ኦዴት እርግጠኛ ናት። ፍርሃት ነበር፤ ያውም እኩል የተካፈሉት።

*

እሑድ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ራስልን ወጥመዶቹ የሚታሰሩበትን ገመድ ሲፈትሽ አገኘችው። ገና ሲያያት ፊቱ በራ፤ ያ ብርሃን አንጀቷን በላው።

«ልትለማመጂ ነው የመጣሽው?» አለ እየሳቀ። «ገመዱ ያውና። እጅሽን እንዳይልጠው ጓንት አድርጊ።»

«ራስል፣ ፎቶውን መልስልኝ።»

«የቱን?»

«የሊቢን። ከመሪው በላይ ያለውን።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ለምን?»

«አትጠይቀኝ።»

«አንቺ የሰጠሽኝን ነገር ልትወስጂ መጥተሽ አትጠይቀኝ?»

«ሌላ እሰጥሃለሁ። የምትስቅበትን አነሳልሃለሁ።»

«ፈገግታ ትቻለሁ ብለሽኝ አልነበር?» ቀረብ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ መጥታ ነበር አይደል? ከፎቶ ቤትሽ ስትወጣ ሸርሊ አይታታለች።»

መዋሸት አልቻለችም። «አዎ፣ መጥተው ነበር።»

«ምን አለችሽ?»

ኦዴት አፏን ከፈተች። ወጥመዶቹ ከራሷ በላይ ተቆልለው፣ ጀልባው ከክብደቱ የተነሳ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይታያታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መልሳ ዋጠችው።

«ምንም አላሉኝም።»

«ምንም» አለ ራስል። «ስለዚህ ምንም ሳትልሽ ፈራሻት። እኔ ላንቺ ብዬ ከተማው ሁሉ ፊት ልቆም ነው፤ አንቺ ግን አንዲት አሮጊት ፊት መቆም አቃተሽ። ገመዱን መፍታት ካልፈለግሽ አልፈልግም በይኝ። ፎቶ አታመካኚ።»

«እፈልጋለሁ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ፎቶው ይቆይ። የተሰጠ ነገር አይመለስም» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

በሚያዩዋት ሰዎች መካከል አቋርጣ ወጣች። እምባዋ ታች እስኪደርስ አልጠረገችውም። እወድሃለሁ ማለት የማያስችል፣ እፈራልሃለሁ ማለት የማያስችል፣ ይሄ ምን ዓይነት ፍቅር ነው? የወንዝ ማዶ ሴት ሆና መወለዷን የዚያን ዕለት ጠላችው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነገ ገመዱን ሌላ ሰው ይዞት እያየች ከሩቅ መቆሟ ነበር።

*

ሰኞ ሲነጋጋ ባሕሩ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ነበር። ሬዲዮው ወደ ማታ ከደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነሳል ብሏል፤ ካፒቴኖቹ ግን ከማታ በፊት ወጥመድ ጥለን እንመለሳለን ብለው ወሰኑ። ሰዎች ወደቡ ላይ በትንፋሻቸው እጃቸውን እያሞቁ ይጠብቃሉ። ኦዴት ወደ ኋላ፣ ከ«እነዚያ» ሴቶች መካከል ቆማለች።

«አንቺ ልጅ!»

ቨርና ነበሩ። ከፊት ረድፍ ወጥተው ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ እሷ መጡ። ሊቢን በእጃቸው ይዘዋታል። ካፖርታቸውን ገለጥ አድርገው የአንድ ፍሬም ጥግ አሳዩዋት፤ ፎቶው ነበር።

«ትናንት የጀልባው ሰዎች ራት ሊበሉ ሲሄዱ ገብቼ ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት» አሉ በሹክሹክታ። «በሰባ ዓመቴ ጀልባ ላይ ተንጠላጠልኩልሽ።»

ኦዴት የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ከቅዳሜ ጀምሮ ያልወጣ ትንፋሽ ከደረቷ ወጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ቨርና።»

«ተይ አሁን። ‹ይሄ የአሮጊት ወሬ ነው› ልትይኝ ትችይ ነበር፤ አላልሽም። እሱ ፊት ተዋርደሽ ዝም አልሽ፤ ነግረውኛል።» ጓንታቸውን አወለቁና ሰጧት። «ነዪ። ገመድሽን ፍቺ።»

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሸርሊ አፏን ከፍታ ቀረች። ኦዴት ፊተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ራስል ከጀልባው ላይ አያት፤ እናቱን አየ፤ እንደገና እሷን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገው። በዚያች ቅጽበት ኦዴት የግሬይ ኮቭ ሁሉ ደስታ እሷ ላይ የወረደ መሰላት። ገመዱ እርጥብና ከባድ ነበር። ፈታችው፤ ወደ ጀልባው ወረወረችው። ሞተሩ ጮኸ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ጀልባው ከወደቡ ተላቀቀ።

ሊቢ የአያቷን ካፖርት ጎተተች። «አያቴ፣ አባዬ አሁን ደስ አለው አይደል? ማታ ተከፍቶ ነበር።»

«ለምን ተከፋ የኔ እናት?»

«ፎቶው ከጀልባው ጠፋበት። ኦዴት መጥታ ወስዳዋለች አለ። አታልቅስ አልኩት።» ልጅቷ ፊቷ በኩራት ተሞላ። «አልጋዬ ጋ ያለውን ሰጠሁት።»

ኦዴት መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። አልጋዋ አጠገብ። ራሷ ናት ያጠበችው፤ ራሷ ናት ፍሬም ያስገባችው፤ በፍርሃቷ መካከል ግን ሚስማሩ ላይ ካለው በቀር ሌላው ትዝ ብሏት አያውቅም። ቀና ስትል ጀልባው አፉን ወደ ባሕር አዙሯል። ራስል በመሪው ክፍል መስኮት እየሳቀ ነበር። አንድ ነገር አንስቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈላት፤ ይኸው፣ አሁንም አብራችሁኝ ናችሁ ሊላት። ነጩ ጨርቅ፣ የተጣጠፉት ትናንሽ እጆች፣ የተጨፈኑት ዓይኖች ከዚያ ርቀት ሳይቀር ተለይተው ታዩዋት።

«ራስል!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። የሷ ጩኸት ከሌላው ጩኸት አልተለየም፤ ራስልም ስሙ በፍቅር የተጠራ መስሎት እጁን አውለበለበ። ገመዱ ሄዷል። የፈታችው እሷ ናት።

የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ለካ እንዲህ እያጨበጨቡለት ነው። የቨርና እጅ የእሷን እጅ ፈልጎ ያዘና አጥንቷ እስኪያማት ጨመቀው። ከወንዙ ማዶና ከወንዙ ወዲህ የነበረው ነገር ሁሉ በዚያ እጅ ለእጅ መያያዝ ውስጥ አለቀ፤ አሁን የቀሩት አንድ ሰው የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ናቸው። ባሕሩ ዝም ብሏል። ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ገና ቀጭን የሆነ ነፋስ የሊቢን ጥብጣብ አነሳው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ቨርና፤ ልጄ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። «እስኪመለስ ድረስ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ።»

ነፋሱ ዓይኗን አቃጠላት፤ እምባዋም ጀልባውን ደጋግሞ ሰወረባት። ኦዴት ግን አልጨፈነችም፤ ፈራች።